ዱላ ቅብብል፦ የማፊያ ፊልሞች ሥልጣንን ለምን በዕቃ ያሳዩናል?

በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ የሆንግ ኮንግ ፊልም አይቶ እንደጨረሰ ደወለልኝ። ተናዷል። «ሰዎቹ እኮ የሚጫረሱት ለአንድ ዱላ ነው! ወርቅ አይደለም፣ መሬት አይደለም፣ ዱላ! ማንም አናጢ በግማሽ ቀን ጠርቦ የሚያወጣው ነገር!» አለኝ።

ልክ ነህ አልኩት። አናጢ ጠርቦ ያወጣዋል። ፊልሙ ጥሩ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለምን እንደሆነ ማስረዳት ስጀምር የስልኩ ሒሳብ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። የቀረውን እዚህ ልጨርሰው።

አስቀድሜ ልናገር፦ የፊልሞቹን መጨረሻ ሳልደብቅ ነው የምጽፈው። ያላያችሁ ካላችሁ አይታችሁ ተመለሱ። ዓመታቱም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጓደኛዬ ያየው ፊልም «ኢሌክሽን» ይባላል፤ ምርጫ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ጆኒ ቶ ነው። በ2005 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። በዓመቱ በሆንግ ኮንግ የፊልም ሽልማት ላይ ምርጥ ፊልም ተባለ። ክፍል ሁለቱም ብዙ አልቆየም፤ በ2006 ተከተለ።

ታሪኩ የሚካሄደው ዎ ሺንግ በሚባል የወንበዴዎች ማኅበር ውስጥ ነው። እንዲህ ያሉት ማኅበራት ትሪያድ ይባላሉ። ዎ ሺንግ በየሁለት ዓመቱ ሊቀ መንበር ይመርጣል። ድምፅ የሚሰጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ሁሉም «አጎት» እየተባሉ ይጠራሉ። ለወንበሩ የቀረቡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሎክ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ልጁን ለብቻው የሚያሳድግ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ሌላው ቢግ ዲ ነው፤ ገንዘብ ያለው፣ ጯሂ፣ በትንሹ የሚጦፍ። ለሽማግሌዎቹ ብር በትኗል። ከሁሉም በላይ የሚደመጡት ግን አጎት ቴንግ ናቸው። እሳቸው የሚያስቡት ስለ ሚዛን ነው፤ አንዱ ወገን ከሌሎቹ በጣም ገዝፎ ማኅበሩን እንዳይውጠው። ሎክ ተመረጠ።

እዚህ ላይ ምርጫው አለቀ ትላላችሁ። አላለቀም። አዲሱ ሊቀ መንበር ዱላውን መረከብ አለበት።

ዱላው የዘንዶ ራስ የተቀረጸበት እንጨት ነው። በቻይንኛ «የዘንዶ ራስ» የአለቃውም መጠሪያ ነው። ስለዚህ ሰውየውና ዕቃው በአንድ ስም ይጠራሉ ማለት ይቻላል። ተሰናባቹ ካላስረከበ፣ አዲሱም ካልተረከበ ምርጫው ጎዶሎ ነው። ቢግ ዲ ይህችን ቀዳዳ ያውቃታል። በድምፅ ተሸንፏል፤ ዱላው ግን ሎክ እጅ እንዳይገባ ማድረግ ይችላል። ዱላው ደግሞ ያለው ሆንግ ኮንግ ሳይሆን ድንበር ተሻግሮ ዋናው ቻይና ውስጥ ተደብቆ ነው። ፖሊስ ጦርነት እንዳይነሳ ብሎ አለቆቹን ለቅሞ ያስራቸዋል። እነሱ እስር ላይ ሆነው ይደራደራሉ፤ ውጪ ደግሞ የሁለቱም ወገን ልጆች ዱላውን ፍለጋ ይሮጣሉ።

በዚህ ፊልም ውስጥ ጥይት አይተኮስም። በማፊያ ፊልም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው በቆንጨራ፣ በግንድ፣ በድንጋይ ነው የሚመታው። ዳይሬክተሩ ሽጉጡን ከፊልሙ ሲያወጣው ሥልጣን ከአፈሙዝ የሚመጣ ነገር መሆኑ ይቀርና ዓይናችን ሁሉ ዱላው ላይ ያርፋል።

ከፊልሙ ሁሉ እኔ የማልረሳው አንድ ትዕይንት አለ። ቢግ ሄድ የሚባል ወፍራም ሰውዬ ዱላውን ይዞ ሲሄድ ኩን የሚባል ከሌላው ወገን የተላከ ልጅ ይደርስበታል። ኩን በእንጨት ይቀጠቅጠዋል። ሰውዬው ግን ዱላውን አይለቅም። እየተመታ የማኅበሩን መሐላ በቃሉ ይደግማል። ይመታል፣ ይደግማል። ይመታል፣ ይደግማል። በመሀል የኩን ስልክ ይጠራል። ያነሳዋል። ለካ እነሱ ሳይሰሙ ነገሩ ተገልብጧል፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት ጠላት የነበሩት አሁን አንድ ወገን ሆነዋል። ደብዳቢው ራሱ የዱላው ተሸካሚ ይሆናል። ዱላው መንገዱን ይቀጥላል።

ለጓደኛዬ መልሱ ያለው እዚህች ደቂቃ ውስጥ ነው። እንጨቱ አልተለወጠም። ክብደቱም፣ ቅርጹም ያው ነው። የተለወጠው ሰዎቹ የተስማሙበት ነገር ነው። ዱላው በራሱ ምንም ኃይል የለውም። ሰዎች አንድ ላይ «ይህ ሥልጣን ነው» ስላሉ ብቻ ሥልጣን ይሆናል። ያ ስምምነት ደግሞ በአንድ የስልክ ጥሪ አቅጣጫውን ይቀይራል።

ታዲያ ለምን ዕቃ አስፈለገ? ስምምነቱ ብቻውን አይበቃም ወይ?

ነገሩን ከእኛው ኑሮ አንጻር እንየው። እኔና እናንተ ቤት ስንሸጥ፣ መኪና ስናዛውር፣ ውክልና ስንሰጥ ውልና ማስረጃ እንሄዳለን። ፊርማ አለ፣ ማኅተም አለ፣ መዝገብ አለ። ነገ ጠብ ቢነሳ ወረቀቱ ይናገራል። የወንበዴ ማኅበር ግን ወረቀት የለውም። ሊኖረውም አይችልም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ የትሪያድ አባል መሆን ብቻውን ወንጀል ነው፤ አባል ነኝ ብሎ መናገርም ያስከስሳል። ለዚህ ነው ማዕረጋቸውን እንኳ በቁጥር የሚጠሩት። አለቃው 489 ነው፤ የጠብ አለቃው 426፤ ተራው አባል 49። እንዲህ ስሙን እንኳ የሚደብቅ ማኅበር «ከዛሬ ጀምሮ አለቃው እገሌ ነው» ብሎ የት ያስመዘግባል? ዱላው መዝገቡም፣ ማኅተሙም፣ ፊርማውም ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዱላው ከኋላ የመጣ ታሪክ ይሸከማል። ትሪያዶች ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሰማይና የምድር ማኅበር የሚባለው ቡድን ያኔ በደቡብ ቻይና፣ ፉጂያን ውስጥ ተነሳ። ታሪክ አጥኚዎች መነሻው ከአገሩ ርቆ የሚሠራ ድሃ እርስ በርስ የሚረዳዳበት ማኅበር ነበር ይላሉ። አባላቱ የሚተርኩት አፈ ታሪክ ግን ሌላ ነው፦ ከተቃጠለ ገዳም ያመለጡ የሻኦሊን መነኮሳት፣ የቺንግን ሥርወ መንግሥት ጥለን ሚንግን እንመልሳለን የሚል መሐላ። ዛሬ ዕፅ የሚያዘዋውረው ሰውዬ ዱላውን ሲጨብጥ ያንን ሁሉ የጨበጠ ይመስለዋል። ቢግ ሄድ እየተቀጠቀጠ መሐላውን የሚደግመው ለዚህ ነው። እሱ የሚጠብቀው እንጨት አይደለም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም። ቋንቋችን ራሱ ሥልጣንን በዕቃ ነው የሚጠራው። ንጉሥ «በትረ ሥልጣን ጨበጠ» እንላለን። የሚወርሰውን «አልጋ ወራሽ» እንላለን፤ አልጋው ዙፋኑ ነው። «ሊቀ መንበር» ስንል ስለ ወንበር እያወራን መሆናችንን ረስተነዋል እንጂ ቃሉ ውስጥ ወንበሩ ቁጭ ብሏል። ሥልጣን የማይለቅ ሰው ሲገጥመንም «ወንበሩ ላይ ተጣበቀ» ነው የምንለው።

በተለይ ግን አንድ ቃል አለን፤ ይህን ፊልም ከየትኛውም የፊልም ትንታኔ በላይ የሚገልጸው እሱ ይመስለኛል፦ ዱላ ቅብብል። አትሌቲክስ ላይ አራት ሯጮች ዱላ ይቀባበላሉ። ዱላው ባዶ ቱቦ ነው። ማንም ቤቱ ሊያስቀምጠው አይፈልግም። ዋጋ የሚኖረው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው። መሀል ላይ ከወደቀ ግን የቱንም ያህል ፈጣን ብትሆኑ ዋጋ የላችሁም። የዎ ሺንግም ዱላ እንዲሁ ነው። ሎክ ዱላውን ይዞ የትም አይሄድም፤ በዱላው ማንንም አይመታም። ዱላው የሚያስፈልገው ለመግዛት አይደለም፤ ለመረካከብ ነው።

ይህን ከያዛችሁ ክፍል ሁለት የሚባለው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባችኋል። ብዙ ጊዜ ክፍል ሁለት ሲሠራ ገንዘብ ፍለጋ ነው እንላለን፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነን። የማፊያ ታሪክ ግን ከሌላው ይለያል። የመጀመሪያው ክፍል ሥልጣን እንዴት እንደሚያዝ ያሳያል። ዕቃው በደንብ የሚፈተነው ግን ሲተላለፍ ነው፤ መተላለፉ ደግሞ ትውልድ ይፈልጋል።

ወደ ክፍል ሁለቱ ከመግባቴ በፊት የመጀመሪያው ክፍል እንዴት እንደሚያልቅ ልናገር። ሎክና ቢግ ዲ ይታረቃሉ። ሎክ በሚቀጥለው ምርጫ አግዝሃለሁ ብሎ ቃል ገብቶለታል። አብረው ይሠራሉ፣ ማኅበሩን ያስፋፋሉ፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ዓሣ ሊያጠምዱ ይወጣሉ። እዚያ ቢግ ዲ አንድ ሐሳብ ያነሳል። ሌሎች ማኅበራት ሁለት ሊቀ መንበር አላቸው፤ እኛስ ለምን አይኖረንም? ሎክ ይሰማዋል፤ አይቆጣም። ትንሽ ቆይቶ ከኋላው በድንጋይ ጭንቅላቱን ይቀጠቅጠዋል። ልጁ ቆሞ ያያል።

ብዙ ሰው ይህን የሎክ ጭካኔ ድንገት የፈነዳበት ቦታ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የዱላው ሎጂክ ነው የምለው። ዱላ አንድ ነው። ሁለት ሰው አይጨብጠውም። ቢግ ዲ ሳያውቅ የጠየቀው ዱላው ለሁለት እንዲሰበር ነው።

አሁን ወደ ሌላ አህጉር እንሻገር። ስለ ወንበር ሲነሳ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በ1972 የሠራውን «ጎድፋዘር» ማለፍ አይቻልም። መቼም ርዕሱን ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የክርስትና አባት» ነው። እኛ ጋ የክርስትና አባት ምን ያህል ከባድ ዝምድና እንደሆነ ስለምናውቅ ፊልሙ ለእኛ ቅርብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊልሙ የሚጀምረው ጨለም ባለ ቢሮ ውስጥ ነው። ጊዜው 1945፣ የዶን ቪቶ ኮርሊዮኔ ሴት ልጅ ሠርግ ነው። ውጪ ሙዚቃና ጭፈራ አለ። ውስጥ ቪቶ ተቀምጦ አቤቱታ ይሰማል። የካሜራ ባለሙያው ጎርደን ዊሊስ መብራቱን ከላይ ስለሰቀለው የማርሎን ብራንዶ ዓይኖች ጥላ ውስጥ ናቸው። ጭኑ ላይ ድመት አለ። ድመቷ በጽሑፉ ላይ አልነበረችም፤ ኮፖላ ስቱዲዮው ውስጥ ስትዞር አግኝቶ ነው ያስያዘው። ሬሳ አሳማሪው ቦናሴራ ልጄን የደበደቡብኝን ግደልልኝ ብሎ ይጠይቃል፤ ስንት ልክፈልህም ይላል። ገንዘብ መጥራቱ ነውር ይሆንበታል። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ የቪቶን እጅ ይስማል፤ ያኔ ነገሩ ያልቃል።

ልብ በሉ፤ እዚህ ዱላ የለም። ዘውድም የለም። ያለው ሦስት ተራ ነገር ነው፦ ወንበር፣ እጅ፣ በር። ኮፖላ እነዚህን ሦስቱን ይዞ ሦስት ፊልም ሙሉ ይሄዳል።

የቪቶ ትንሹ ልጅ ማይክል በእህቱ ሠርግ ላይ የወታደር ልብስ ለብሶ የሚመጣ እንግዳ ዓይነት ነው። ከቤተሰቡ ሥራ ውጪ ነኝ ይላል። አባቱ በጥይት ከተመታ በኋላ ግን መንጋጋው አብጦ ወንበር ላይ ተቀምጦ እናየዋለን። ወንድሙና የአባቱ ሰዎች ቆመው ይጨቃጨቃሉ። እሱ ሳይነሳ፣ ሳይጮህ፣ ሁለቱን ሰዎች እኔ ልግደላቸው ይላል። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ እሱ ይጠጋል። ማንም ምንም አላስረከበውም። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ዓይናችን ከማይክል አይነሳም።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ሚስቱ ኬይ ከሌላ ክፍል ሆና ታያለች። የአባቱ ሰዎች ገብተው ከበቡት። ክሌሜንዛ እጁን ይስምና «ዶን ኮርሊዮኔ» ብሎ ይጠራዋል። ከዚያ አንዱ ሰው መጥቶ በሩን ኬይ ፊት ላይ ይዘጋዋል። ሥልጣኑ መተላለፉን ያየነው በእጁ ነው፤ ምን እንደሚያስከፍለው ያየነው በበሩ።

ክፍል ሁለት በ1974 ሲወጣ በዚያው እጅ ይጀምራል። የማይክል ፊት፣ ከዚያ የሚሳም እጅ። ቀጥሎ ካሜራው ባዶ ወንበር ያሳየናል። የአባቱ ወንበር ነው። ማንም አልተቀመጠበትም። እኔ ከክፍል ሁለቶች ሁሉ የተሻለ አጀማመር አላየሁም። አንድ ቃል ሳይነገር ጥያቄው ቀርቧል፦ እጁ ተላልፏል፤ ወንበሩስ?

ፊልሙ ከዚያ በኋላ ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን ይነግረናል። አንዱ የቪቶ ነው። በ1901 ከሲሲሊ ያመለጠው ወላጅ አልባ ልጅ ኒው ዮርክ አድጎ ሰፈሩ የሚያከብረው ሰው ይሆናል። ሌላው በ1958 የሚጀምረው የማይክል ታሪክ ነው፤ በሀብት ከአባቱ በልጦ አንድ በአንድ ሁሉን ያጣል። ቪቶ ሰፈርተኛውን እየረዳ፣ ውለታ እያዋለ ነው የሚያድገው። ሥልጣኑ የተሠራው ሰዎች ባለባቸው ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ አይወረስም። ማይክል የወረሰው ወንበሩን ነው። መጨረሻ ላይ ወንድሙን አስገድሎ፣ ልጆቿን ልታይ የመጣችውን ኬይን በር ዘግቶባት፣ ሐይቁ ዳር ደጅ ላይ ብቻውን ተቀምጦ እናየዋለን። ወንበር ላይ ነው። አጠገቡ ማንም የለም።

ክፍል ሦስት፣ የ1990ው፣ ከሁለቱ ያነሰ ፊልም ነው። በዚህ ብዙ ሰው ይስማማል፤ እኔም እስማማለሁ። ግን ዕቃዎቹን ስንከተል ዋጋ አለው። ማይክል አርጅቷል። በ100 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ ታጅቦ ከቤተ ክርስቲያን ኒሻን ይቀበላል። አባቱ የማንንም ኒሻን አልፈለገም ነበር። ልጁ ወንበሩ ስላልበቃው ደረቱ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ገዛ ማለት ነው። በኋላ ሥልጣኑን ለወንድሙ ልጅ ለቪንሰንት ሲያስረክብ ሰዎቹ በተራቸው የቪንሰንትን እጅ ይስማሉ። ማይክል ራሱ ሲሲሊ ውስጥ አንድ ግቢ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ወድቆ ይሞታል። ኮፖላ በ2020 ፊልሙን እንደገና ሲያቀናብረው ይህን ሞት አወጣው፤ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፊልሙ ያልቃል። እኔ ይህኛው ይበልጥብኛል። ወንበሩ ላይ መቅረት ከመሞት የከፋ ቅጣት ሆኖ ይሰማኛል።

ከክፍል ሁለት ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዱላው ጋር ስለሚነጻጸር። ማይክል ሃቫና ይሄዳል። ሃይማን ሮት የሚባለው አዛውንት ወንበዴ ልደቱን ያከብራል። ኬኩ ላይ የኩባ ካርታ ተሠርቷል። ይቆረስና ለእንግዶቹ ይታደላል፤ ሮትም በዚያው ሆቴሉንና ቁማር ቤቱን ማን እንደሚወስድ ያከፋፍላል። በዚያው ጉዞ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የወርቅ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እናያለን፤ የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ ለፕሬዚዳንቱ የሰጠው ስጦታ ነው። ይህ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። እውነተኛው የኩባ ፕሬዚዳንት ባቲስታም ኩባ ውስጥ ከሚሠራ የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ የወርቅ ስልክ ተሰጥቶት ነበር።

ኬክ ይቆረሳል፤ ዱላ አይቆረስም። የዎ ሺንግ ሰዎች በማይከፈል ነገር ይጫረሳሉ። ሃቫና ያሉት ደግሞ የራሳቸው ያልሆነውን ተካፍለው በሰላም ይበላሉ። የሚሳሳቱት ግን እነዚህኞቹ ናቸው። ማይክል መንገድ ላይ አንድ አማፂ ላለመያዝ ብሎ ራሱን ከነፖሊሱ ሲያፈነዳ አይቷል። ወታደሩ የሚዋጋው ተከፍሎት ነው፤ አማፂው ማንም አይከፍለውም፤ ስለዚህ ሊያሸንፉ ይችላሉ ይላል። የ1959 አዲስ ዓመት ሌሊት ባቲስታ ሸሸ። የወርቅ ስልኩን የሚያነሳ አልነበረም። ስምምነቱ የነበረው በጠረጴዛው ዙሪያ ብቻ ነበር፤ መንገድ ላይ ያለው ሰው አልፈረመበትም።

ዕቃ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ብቻ ሳይሆን ከፊልም ወደ ፊልምም ይተላለፋል። በ1932ቱ «ስካርፌስ» ተዋናዩ ጆርጅ ራፍት ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልባል። ምንም አይናገርም፤ ሳንቲሟ ትበቃዋለች። በ1959 ራፍት ራሱ በአንድ አስቂኝ ፊልም የወንበዴ አለቃ ሆኖ ሲጫወት አንድ ወጣት ሳንቲም ሲወረውር አግኝቶ ይነጥቀዋል። በዚያው በ1932ቱ ፊልም ከመስኮት ውጪ «ዓለም የአንተ ናት» የሚል የመብራት ማስታወቂያ አለ። በ1983 ፊልሙ እንደገና ሲሠራ ጽሑፉ አየር ላይ በሚበር ፊኛ መጣ፤ ቀጥሎም የቶኒ ሞንታና ቤት ውስጥ ሉል ላይ ተጻፈ። ቶኒ የሚሞተው ከሉሉ ሥር ባለው ውሃ ውስጥ ወድቆ ነው። ያ ጽሑፍ ዱላ አይደለም፤ ለማንም አይተላለፍም። «የአንተ ናት» ይላል እንጂ «ከአንተ በኋላ የእገሌ ናት» አይልም።

ወደ ሆንግ ኮንግ ልመለስ፤ ጓደኛዬ ያላየው ክፍል ሁለቱ ነውና።

ሁለት ዓመት አልፏል። የሎክ ጊዜ አልቋል። ሎክ ግን ልማዱን ጥሶ ድጋሚ መመረጥ ይፈልጋል። አጎት ቴንግ አይሆንም ይላሉ። ሎክ ሽማግሌውን ደረጃ ላይ ገፍትሮ ይገድላቸዋል። በሌላ በኩል ጂሚ አለ፤ ገና ወጣት፣ ገንዘብ የሚያውቅ፣ ከማኅበሩ ወጥቶ ዋናው ቻይና ውስጥ ነጋዴ መሆን የሚፈልግ። ዱላውን አይፈልግም። ሊቀ መንበርነቱንም አይፈልግም። አንድ የቻይና የደኅንነት ባለሥልጣን ግን መንገዱን ይዘጋበታል፦ እዚህ መነገድ ከፈለግህ መጀመሪያ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሁን። ጂሚ ንጹሕ ነጋዴ ለመሆን ሲል ከሁሉም የከፋ ነገር ይሠራል። የሎክን ሰዎች ለማሳመን የሚያደርገውን እዚህ አልዘረዝረውም። ውሾቹን ያየ ሰው ያስታውሰዋል።

በዚህ ፊልም ዱላው አለ፤ ግን እንደ ክፍል አንዱ ልብ የሚሰቅለው እሱ አይደለም። ምክንያቱ ቀስ ብሎ ነው የሚገባን። ክፍል አንድ ላይ ስምምነቱ በሽማግሌዎቹ መካከል ነበር። ክፍል ሁለት ላይ ከጠረጴዛው ውጪ የቆመ፣ ሽማግሌም ያልሆነ፣ መሐላም ያልማለ ሰው መጥቷል። እሱ ዱላ አያስፈልገውም። የያዘው የንግድ ፈቃድና ድንበሩን ነው።

የሆንግ ኮንግ ተመልካች ይህን ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት ይቻላል። ከተማዋ ከብሪታንያ ወደ ቻይና የተመለሰችው በጁላይ 1 ቀን 1997 ነው። ፊልሞቹ በወጡበት ጊዜ የከተማዋን ዋና አስተዳዳሪ የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን 800 አባላት ያሉት ኮሚቴ ነበር። ቀደም ብሎ በ1993 የቻይና የሕዝብ ደኅንነት ሚኒስትር ታኦ ሲጁ ከትሪያዶች መካከልም አገር ወዳዶች አሉ የሚል ነገር ተናግረው ብዙ ሰው አስደንግጠው ነበር። ስለዚህ ሻይ እየጠጡ የሚመርጡት ሽማግሌዎች ወንበዴዎች ብቻ አይደሉም።

ሎክ በራሱ ሰዎች ተገደለ። ጂሚ ተመረጠ። የፈለገውን መሬትም አገኘ። ባለሥልጣኑ ኮረብታው ላይ ወስዶ ያሳየዋል። ጂሚ ሁለት ዓመት ታግሼ እለቃለሁ ብሎ ነበር የገባው። ያኔ ነው ሰውየው የመጨረሻውን ነገር የሚነግረው። ከእንግዲህ ምርጫ አይኖርም። ሊቀ መንበሩ አንተው ትሆናለህ፤ ከአንተ በኋላ ልጅህ። በየሁለት ዓመቱ መበጣበጥ ቀርቷል፤ ሰላም ይሻላል።

ጂሚ ይመታዋል። ደጋግሞ በቡጢ ይመታዋል። ባለሥልጣኑ አይመልስም። መመለስ አያስፈልገውም።

ዱላውን የገደለው ይህ ነው። ማንም አልሰበረውም፣ ማንም አላቃጠለውም። የሚቀባበለው ሰው ነው የጠፋው። ቢግ ሄድ እየተቀጠቀጠ ያልለቀቀው፣ ቢግ ዲ የሞተለት፣ ሽማግሌዎቹ ያንን ሁሉ ዓመት ያስተላለፉት እንጨት ከእንግዲህ ከአንድ ቤት አይወጣም። ጂሚ ደግሞ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ነው። ያን ሁሉ ደም ያፈሰሰው ልጁ ከዚህ ዓለም እንዲርቅለት ብሎ ነበር።